የብርሃንና የከበሮው ሒሳብ ከሶዶ ሩቅ አይደለም

ከበሮ የሚጮኸው ቆዳው ስለሚርገበገብ እንደሆነ የወላይታ ልጅ አስተማሪ አያስፈልገውም። እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ ቦልደር ከተማ ተመራማሪዎች የአሉሚኒየም ከበሮ ይዘው ቀረቡ፤ ስፋቱ 15 ማይክሮሜትር፣ ከፀጉር ዘለላ ያነሰ። እርግብግቢቱንም የብርሃን ዘመድ ከሆነው ማይክሮዌቭ ጋር በኳንተም አቆራኙት። ኢንታንግልመንት የሚባለው ይህ ነው፤ የአንዱን ሁኔታ ከሌላው ነጥሎ መግለጽ አይቻልም። አንስታይንና ሁለት ባልደረቦቹ በ1935 ሐሳቡን ያነሱት የኳንተም ንድፈ ሐሳብ ጎዶሎ ነው ለማለት ነበር። (ጣሊያን የወረረን በዚያው ዓመት ነው፤ እኛ ሌላ ጭንቀት ነበረብን።)

ብርሃን ይገፋል። ሩሲያዊው ሌበዴቭ ግፊቱን ከመቶ ዓመት በፊት ለክቷል። ተንቀሳቃሽ መስተዋት ላይ ቢያርፍ መስተዋቱን ያንቀሳቅሳል፤ የመስተዋቱ መንቀሳቀስ ደግሞ ተመልሶ ብርሃኑን ይለውጣል። ይህ መገፋፋት ሁለቱን ሊያቆራኝ እንደሚችል ዴቪድ ቪታሊና ባልደረቦቹ በ2007 በሒሳብ አሳዩ። ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የተከፈተውም በዚያው ዓመት ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ አራት ኪሎም እንዳለች ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፍስሐ ካሳሁን ለዓመታት «የተጨመቀ ብርሃን» ላይ ሠርተዋል፤ ሁከቱ በአንድ በኩል ቀንሶ በሌላ በኩል የጨመረ ብርሃን ማለት ነው። በ2001 ስለዚሁ በፊዚካል ሪቪው ጽፈዋል። በ2006 ከእሳቸው ጋር ስለ ሌዘር የጻፉት እዮብ አለባቸው ሰጤ፣ በ2014 ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር ያንኑ የተጨመቀ ብርሃን ወደ መስተዋት ወሰዱት። ተራርቀው የተቀመጡ ሁለት ተንቀሳቃሽ መስተዋቶች ከብርሃኑ ቁርኝት ተቀብለው እርስ በርስ እንዴት እንደሚቆራኙ አሰሉ። በ2018 በፊንላንድ፣ እንዲሁም በቪየናና በዴልፍት ያሉ ቡድኖች በሌላ መንገድ ሁለት ንዝረተኛ ቁሶችን በተግባር አቆራኙ።

የእኛዎቹ ሥራ በወረቀት መቅረቱ ግን የችሎታ ጉዳይ አይደለም። ከበሮው የሚሠራው ለፍጹም ዜሮ በቀረበ ቅዝቃዜ ነው፤ ማቀዝቀዣው ደግሞ መብራት ሄደ መጣ አያውቅም። ሒሳብ ጠመኔና ሰሌዳ ይበቃዋል። እዮብ አሜሪካ ቀሩ፤ በናኖ ንዝረተኞች ላይ የጻፉት ብርሁ ተክሉ አቡዳቢ ናቸው። ሆኖም ሥንታየሁ ተስፋ ስለ ብርሃን ቁርኝት ከዲላ ጽፈዋል፤ ተስፋይ ገብረማርያም ደግሞ በብርሃንና በንዝረተኛ ቁስ ቁርኝት ላይ ከአርባ ምንጭ ጽፈዋል። ከሶዶ አርባ ምንጭ በአውቶቡስ ግማሽ ቀን አይፈጅም። በሶዶ ፊዚክስ ተመርቆ «ይህ የፈረንጅ ነገር ነው» የሚል ተማሪ ካለ፣ መጀመሪያ የሚያነበው ጽሑፍ ከዚያው መንገድ ጫፍ የተጻፈ ነው።