ኤርታሌ (አልበም)

ኤርታሌ የኢትዮጵያው የሮክ ሙዚቃ ቡድን የጃኖ ባንድ የመጀመሪያ አልበም ነው። አልበሙ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ሲሆን ፕሮዲዩሰሩ አሜሪካዊው የቤዝ ጊታር ተጫዋች ቢል ላስዌል ነው። በአማርኛ የተዘፈነ ሮክን ለሰፊው አድማጭ ካስተዋወቁ ሥራዎች አንዱ ነው።

ስያሜ

አልበሙ ስሙን ያገኘው በአፋር ክልል ከሚገኘውና 613 ሜትር ከፍታ ካለው የኤርታሌ እሳተ ገሞራ ነው። የባንዱ መጠሪያ የሆነው ጃኖ ደግሞ ሰፊ ቀይ ጥለት ያለው ነጭ የጥጥ ልብስ ሲሆን፣ በቀድሞ ዘመን ነገሥታትና መኳንንት ይለብሱት ነበር።

ዳራ

በ1960ዎቹ ዓ.ም. እንደ ዋልያስና አይቤክስ ያሉ ባንዶች በአዲስ አበባ ሆቴሎች ይጫወቱ ነበር። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ አዋጅ የምሽቱን ሙዚቃ አዳከመው። በኋላም ኪቦርድና የኤሌክትሮኒክ ከበሮ የብዙ ሙዚቀኞችን ቦታ ያዙ፤ አልበሞችም በአብዛኛው የሚወጡት በአንድ ድምፃዊ ስም ሆነ።

ጃኖ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2011 የተቋቋመው በዚህ ሁኔታ ውስጥ ነው። አባላቱን ያሰባሰበው ቀደም ሲል ከዚጊ ማርሊ ጋር ይሠራ የነበረው አዲስ ገሠሠ ነው። ባንዱ አራት ድምፃውያን ነበሩት፤ እነሱም ዲበኩሉ ታፈሰ፣ ኃይሉ አመርጋ፣ ሃሌሉያ ተክለፃዲቅና ሄዋን ገብረወልድ ናቸው። ላስዌል ከዚህ በፊት የሞተርሄድን «ኦርጋዝማትሮን» (1986 እ.ኤ.አ.) እና የእጅጋየሁ ሽባባውን (ጂጂ) በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣ አልበም ፕሮዲዩስ አድርጓል። ስለዚህ ከባድ ሮክንም የኢትዮጵያን ዜማም ያውቅ ነበር።

የሙዚቃው ባሕርይ

አልበሙ የሮክን የተጎረበጠ የጊታር ድምፅና ከባድ ከበሮ ከአማርኛ ግጥምና ከአገር ቤት የአዘፋፈን ስልት ጋር ያጣምራል። ከታወቁት ዘፈኖች መካከል «ዳሪኝ» እና «አይራቅ» ይገኛሉ።

ሁለቱ የሙዚቃ ዓይነቶች ለመጣመር የሚያስችላቸው የጋራ መሠረት አላቸው። የኢትዮጵያ ቅኝቶች አምስት ድምፅ አላቸው፤ የሮክ ጊታር ተጫዋቾችም በብዛት የሚጠቀሙት ባለ አምስት ድምፅ ስኬል ነው። እንዲያውም የትዝታ ሜጀር ድምፆች ከሜጀር ፔንታቶኒክ ድምፆች ጋር አንድ ናቸው። በተጨማሪም በከባድ ሮክ የተለመደው «ፓወር ኮርድ» የያዘው መነሻውንና አምስተኛውን ድምፅ ብቻ ስለሆነ ዜማውን ወደ ሜጀር ወይም ወደ ማይነር አይጎትተውም። በመሆኑም በትዝታ፣ በባቲና በአምባሰል መነሻ ድምፅ ላይ የቅኝቱን ጠባይ ሳይለውጥ ሊገባ ይችላል። በአንቺሆዬ ግን መነሻው ድምፅ ትክክለኛ አምስተኛ ስለሌለው ኮርዱ ከቅኝቱ ጋር ይጋጫል።

ተጽዕኖ

በባንድ ስም አልበም ማውጣት በኢትዮጵያ አዲስ አልነበረም፤ ዋልያስ ባንድ «ቼ በለው»ን እ.ኤ.አ. በ1977 አውጥቷል። ያ አልበም ግን በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረ ነበር። ኤርታሌ ድምፃውያኑም ተጫዋቾቹም በአንድ ስም የሚጠሩበትን አሠራር ለአዲሱ ትውልድ አሳይቷል፤ በአማርኛ ሮክ መዝፈን እንደሚቻልም አረጋግጧል።

ይሁንና ሮክ በአገሪቱ እስካሁን የጥቂቶች ምርጫ ነው። ባንዱ ራሱ ሁለተኛ አልበሙን «ለራስህ ነው»ን ያወጣው ከስድስት ዓመት በኋላ በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። ያም ሆኖ ስለ ኢትዮጵያ ሮክ ሲነሳ ጃኖና ኤርታሌ በቅድሚያ ከሚጠቀሱት ውስጥ ናቸው።