ባቡር ትቶት የሄደው መንገድ

የእንግሊዝን ገጠር በብስክሌት ልዙር ያለ ሰው አስቀድሞ የሚታየው ለምለሙ መስክና ካቡ ነው። ዳገቱ ትዝ የሚለው ፔዳሉን መርገጥ ከጀመረ በኋላ ነው። ከብሪስቶል ወደ ባዝ የሚወስደው 21 ኪሎ ሜትር መንገድ ግን እግር አያዝልም። ምስጢሩ ወዲህ ነው፤ መንገዱ የተሠራው ለባቡር ነበር፣ ባቡር ደግሞ ዳገት አይወድም።

ከማንጎትስፊልድ እስከ ባዝ ያለው ሐዲድ የተከፈተው በ1869 እ.ኤ.አ. ነው (ከዚህ በታች ያለውም ዘመን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው)። የሚድላንድ ባቡር ኩባንያ ሰዎች ጉብታውን እየቆረጡ፣ ጎድጓዳውን በአፈር እየሞሉ፣ እየተጠማዘዘ መንገዳቸውን በሚያቋርጠው በኤቨን ወንዝ ላይ ድልድይ እየጣሉ ሄዱ። የዛሬው ብስክሌተኛ ሳይለፋ የሚጠቀመው በእነሱ ላብ ነው።

ሐዲዱ መንገደኛ ያመላለሰበት ዘመን አንድ መቶ ዓመት እንኳ አልሞላውም። በ1963 የብሪታንያ ባቡር ቦርድ ሊቀ መንበር ዶክተር ሪቻርድ ቢችንግ የባቡሩን ኪሳራ ለማቆም ብለው 8 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል መስመርና 2,363 ጣቢያዎች ይዘጉ የሚል ሪፖርት አቀረቡ። የአገሬው ሰው ይህን እስከ ዛሬ «የቢችንግ መጥረቢያ» ይለዋል። በባዝ መስመር ላይ መንገደኛ ማመላለስ በ1966 ቆመ። ኋላም ሐዲዱ ተነቀለ፤ ቦታውን ቁጥቋጦ ወረሰው።

በ1977 ብሪስቶል ውስጥ «ሳይክልባግ» የሚባል ማኅበር ተቋቋመ። ከመሥራቾቹ አንዱ መሐንዲሱ ጆን ግሪምሾ ነበሩ። እኔን የሚገርመኝ አሠራራቸው ነው፤ መንግሥት መንገድ እስኪሠራላቸው አልጠበቁም። በ1979 በጎ ፈቃደኞች አካፋቸውን ይዘው የተተወውን የሐዲድ ቦታ ወደ ብስክሌት መንገድ መለወጥ በባዝ በኩል ጀመሩ፤ መንገዱ በ1986 ተጠናቀቀ። ከዚሁ ማኅበር የወጣው «ሰስትራንስ» የተባለ የበጎ አድራጎት ድርጅት በ1995 ከብሔራዊ ሎተሪ ገቢ 43.5 ሚሊዮን ፓውንድ አግኝቶ አገር አቀፍ የብስክሌት መንገዶች መረብ ዘረጋ። የባዙ መንገድ ዛሬ የመስመር ቁጥር 4 አካል ነው።

ከብሪስቶል ተነስቶ ስቴፕል ሂል የደረሰ ብስክሌተኛ 471 ሜትር የሚረዝም ዋሻ ያቋርጣል። ከዋሻው ወጥቶ ብዙም ሳይርቅ የማንጎትስፊልድን ጣቢያ ያገኛል፤ ጣሪያ የለውም፤ የቀረው መሳፈሪያው መደብና ግድግዳው ነው። እዚህ መውረድ ያስፈልጋል። የባዙ ተወላጅ ተዋናይና ጸሐፌ ተውኔት አርኖልድ ሪድሊ ባቡር አምልጦት በዚህ ጣቢያ ብቻውን ሲጠብቅ፣ የማይታይ ባቡር እየጮኸ መጥቶ ሲያልፍ ይሰማል። ባቡሩ እውነተኛ ነበር፤ ጣቢያውን ሳይነካ በአጠገቡ በሚታጠፈው ሌላ ሐዲድ ላይ ነበር የሚሄደው። ሪድሊ ከዚያች ድንጋጤ «የሙታን ባቡር» ልንለው የምንችለውን ታዋቂ ተውኔቱን በ1923 ጻፈ።

ቢተን ላይ ደግሞ ሐዲዱ ተመልሶ ተዘርግቷል። የድሮ ባቡር ወዳጆች በእንፋሎት የሚሄዱትን ባቡሮች ስለሚነዱ፣ ቀኑ የገጠመለት ብስክሌተኛ ከጎኑ ጢስ እየተፋ ከሚሄድ ባቡር ጋር ይሽቀዳደማል። ከዚያ ወዲያ ወንዙ፣ ላሞቹና ድልድዮቹ ናቸው።

መንገዱ የሚያበቃበት የባዝ ዳርቻ ለእኛ ባዕድ አይደለም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከ1936 እስከ 1940 በስደት የኖሩበት ፌርፊልድ ቤት በዚያው በኩል፣ በኬልስተን መንገድ ላይ ይገኛል። ያን ጊዜ በሸለቆው ውስጥ ባቡሩ ገና ይመላለስ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ቤቱን በ1958 ለከተማዋ ሰጥተዋል። እዚያ ድረስ የዘለቀ አንባቢ ቤቱን ሳያይ አይመለስ፤ ወደ ቤቱ የሚወስደውን ዳገት ግን ለባቡር ብሎ የደለደለው ሰው ስለሌለ፣ ብስክሌቱን እየገፋ ይወጣዋል።