ራስጌና ግርጌ

አንድ የዝውውር ደብዳቤ እናስብ። ቡሌ ደጋ የምታስተምር መምህርት ወደ ወናጎ ለመዛወር ጠይቃለች፤ መልሱ መጥቷል። መምህርቷ ዓይኗ በቀጥታ የሚሮጠው «ጉዳዩ» ወደሚለው መስመር ነው። እኔ ግን ከዚያ በላይ ባለው ላይ እቀራለሁ፦ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፣ የጌዴኦ ዞን፣ የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት። ማንም የማያነበው ይህ ራስጌ ለእኔ ከጉዳዩ ይበልጣል። «ራስጌ» ራሱ ራስ አለበት፤ ተቃራኒው «ግርጌ» ደግሞ «እግር»ን ውጦ ይዟል። ከላይ ወደ ታች እንውረድ።

«ክልል» ከለለ ነው። ግእዙ «ከለለ» ዙሪያውን ከበበ፣ ጋረደ፣ ዘውድ ደፋ ይላል። ሥሩ ከ-ለ-ለ ስለሆነ «አክሊል» ወንድሙ ነው፤ ሙሽሮች የሚደፉበት «ተክሊል»ም እህቱ። ከፀሐይ የሚያስጥል «ከለላ» ከዚሁ ቤት ይወጣል። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የጸናው የአስተዳደር ስም እንግዲህ ከዘውድ ጋር አንድ እናት አለው፤ ዘውዱ ከወረደ ሃያ ዓመት ገደማ በኋላ ቃሉ በጓሮ በር ተመለሰ ማለት ነው። ከዚያ በፊት ጌዴኦ የሲዳሞ ነበር፦ በንጉሡ ጊዜ «ጠቅላይ ግዛት»፣ በደርግ ጊዜ «ክፍለ ሀገር»። የመጀመሪያው ይጠቀልላል፣ ሁለተኛው ይከፍላል፣ ሦስተኛው ይከልላል። በ2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ዲላ ከማዕከል ከተሞቹ አንዷ ሆነች።

በክልል ደረጃ ትምህርትን የሚመራው «ቢሮ» ነው። ፈረንሳዮች ጠረጴዛ ለማልበስ የሚጠቀሙበት ሻካራ የሱፍ ጨርቅ ነበራቸው። ጨርቁ ስሙን ለጠረጴዛው ሰጠ፣ ጠረጴዛው ለክፍሉ፣ ክፍሉ ለመሥሪያ ቤቱ። እኛ ዘንድ ሲደርስ ደግሞ አንድ ሙሉ ክልል የሚያስተዳድር ተቋም ሆነ፤ ግን ጠባቧን ክፍልም አልለቀቀም። «ቢሮ ነኝ» የሚል ሰው ወንበር ላይ ተቀምጧል እንጂ ተቋም ነኝ ማለቱ አይደለም። (ከበላዩ ያለው «ሚኒስቴር»ም የፈረንሳይ ነው። አማርኛ ግን ጥንቁቅ ነው፤ ሰውዬውን «ሚኒስትር»፣ ቤቱን «ሚኒስቴር» ብሎ በአንድ ፊደል ይለያቸዋል። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ የገባ እንግዳ ነው፤ በላቲን መነሻው «አገልጋይ» ነበር።)

ቀጥሎ «ዞን»። ይህ ከግሪክ ነው፤ ግሪኩ «ዞኔ» የሚለው ወገብ የሚታሰርበትን መቀነት ነው። መልክዓ ምድር ጸሐፊዎች ምድርን በሙቀትና በቅዝቃዜ ሲከፋፍሉ መቀነት መቀነት አድርገው ስለሣሏት ቃሉ «ቀጠና» ወደ ማለት አመራ። ለአብዛኛው የአገራችን ዞን ይህ ታሪክ ብቻ ነው። ለጌዴኦ ግን ካርታ ነው። ዞኑ ከስምጥ ሸለቆው ምሥራቃዊ ዳርቻ ላይ ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጋ ቀጭን መሬት ነው፤ በሰሜን ሲዳማ፣ በቀሩት ሦስት ጎኖቹ ኦሮሚያ። ከራሱ ክልል ከቀረው መሬት ጋር እንኳ አይነካካም። መቀነት ብሎ የሰየመው ሰው አይቶት አያውቅም፤ ቢያየው ግን ሌላ ስም አያወጣለትም ነበር።

እዚህ ላይ ወጥመድ አለ። ከዞኑ ወረዳዎች አንዱ «ዲላ ዙሪያ» ይባላል። «ዞን» እና «ዙሪያ»፤ ሁለቱም በዘ ይጀምራሉ፣ ሁለቱም ይከብባሉ። ዝምድና የላቸውም። «ዙሪያ» የራሳችን «ዞረ» ነው፣ ከ«ዘወረ» ጋር። የመምህርቷ «ዝውውር»ም ከዚያው ይዞራል፤ መኪና የሚዘውረው «ዘዋሪ»ም። ግሪኩ መቀነት በአጋጣሚ አጠገባቸው ቆመ እንጂ አልተወለደላቸውም።

የዞኑ ትምህርት መሥሪያ ቤት «መምሪያ» ይባላል። ግእዙ «መርሐ» ነው፣ መንገድ አሳየ፣ መራ። አማርኛ ሐውን ስለዋጠው «መራ» ቀረ፤ ሐው ተርፎ የሚታየው እንደ «መርሕ» እና «መርሐ ግብር» ባሉ ከግእዝ እንደወረዱ በተቀመጡ ቃላት ነው። አሁን «መምሪያ» እና «መመሪያ»ን ጎን ለጎን አስቀምጡ። አንዱ መሥሪያ ቤት፣ ሌላው ከዚያ የሚወጣ ትእዛዝ፤ ልዩነታቸው የአንዲት «መ» ሳድስ መሆን ነው። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሁለቱን ሲያምታታ አይቼ ፈርጄ አላውቅም። የመኪና «መሪ»ም፣ መሬት የሚመራበት «ምሪት»ም ከአንድ ጎጆ ናቸው።

መምሪያውን የሚመራው «ኃላፊ» ነው። እዚህ ቃል ላይ ሁልጊዜ ፈገግ እላለሁ። «ኀለፈ» ማለት አለፈ ነው። «ኃላፊ» የተጣለበትን የሚወጣ ሹም ነው፤ ደግሞም አላፊ፣ ጠፊ፣ የማይቆይ። ቄስ በቀብር ላይ «ዓለም ኃላፊ ናት» ሲሉና ጸሐፊዋ «ኃላፊው የሉም» ስትል ያው ቃል ነው። ተማሪም ፈተና ሲቀናው «አለፈ» እንላለን።

ወደ «ወረዳ» ስንደርስ ረጅሙ ፌርማታ ነው። ሥሩ ወ-ረ-ደ። በጌዴኦ ቃሉን በእግር ማንበብ ይቻላል፤ ከብርዳሙ ቡሌ ተነስቶ ቡናና እንሰት ተዛንቀው የበቀሉበትን ተዳፋት አቋርጦ ወደ ዲላ መምጣት ያለማቋረጥ መውረድ ነው። ይህን የሰውና የዛፍ ጉርብትና ዩኔስኮ በ2016 ዓ.ም. መባቻ «የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር» ብሎ በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። የጥንቱ «አውራጃ»ም ቅርጹን ለሚያይ ከ«አወረደ» የመጣ ነው፣ «አውራጅ»ን ቀጥሎ፤ የዛሬው ጌዴኦ በዚያን ጊዜ «ደራሳ አውራጃ» ይባል ነበር። ስሙ ተለወጠ፣ ሕዝቡም ራሱን በሚጠራበት ጌዴኦ ተጠራ፤ «አውራጃ»ም ከመዋቅሩ ወጣ። መውረዱ ግን አልቀረም።

እንዲያውም የቢሮ አማርኛ ሌላ ግሥ የለውም ያሰኛል። መመሪያ «ይወርዳል»። ዕቅድ «ወደ ታች ይወርዳል»፣ ከዚያም «መሬት ይወርዳል»። የእርከኑ ጠቅላላ ስም «ተዋረድ» ነው፦ «ከክልል እስከ ትምህርት ቤት ባለው ተዋረድ»። «ውርደት» የዚሁ ቤት ልጅ መሆኑን ስብሰባ ላይ የሚያነሣ የለም። ታክሲ ላይ «ወራጅ አለ!» ሲባል ግን ሥሩ ንጹሕ ሆኖ ይሰማኛል።

ሥራውን ስናይ ወረዳው የዋዛ አይደለም። በ1990ዎቹ አጋማሽ የጥቅል በጀት አሠራር ከተጀመረ ወዲህ መምህር የሚቀጥረውም፣ ደመወዝ የሚከፍለውም ወረዳው ነው፤ ዞኑ ያስተባብራል፣ ይደግፋል፣ ክልሉ ለበታች ክፍሎች ሥርዓተ ትምህርት ያዘጋጃል፣ ፌዴራሉ ፖሊሲውንና የ12ኛ ክፍል ፈተናውን ይይዛል። «በጀት» ከእንግሊዝ ነው፣ እንግሊዝም ከፈረንሳይ ወስዶት፤ መነሻው ትንሽ የቆዳ ከረጢት ነበረች። ስልቻ ብንለው አልተሳሳትንም። ከስልቻው የሚወጣውን ደግሞ «ደመወዝ» እንለዋለን፤ ደምና ወዝ። የወር ክፍያን እንዲህ አድርጎ የጠራ ቋንቋ ስለ ሥራ የሚያውቀው ነገር አለ።

የወረዳዎቹን ስሞች እንደ አማርኛ ልስማቸው ብል የምያዘው እዚህ ነው። «ገደብ» ወሰን ይመስለኛል፤ ወረዳው በዞኑ ደቡብ ጫፍ መሆኑ ደግሞ ያጓጓል። ግን የድምፅ መመሳሰል ሥርወ ቃል አይሆንም፤ ገደብ የሚባል ቦታ በአርሲም አለ። «ቡሌ»፣ «ወናጎ»፣ «ኮቸሬ»፣ በኋላ የተጨመሩት «ጮርሶ» እና «ራጴ» በአማርኛ ጆሮ አይፈቱም፤ አለመፈታታቸው ደስ ይለኛል። «ይርጋ ጨፌ» ግን ለሁለት ይከፈላል። «ይርጋ» በአማርኛ የ«ረጋ» ትእዛዝ ነው፣ ይጽና፣ ይረጋጋ። ሕግ አዋቂዎች «በይርጋ ይታገዳል» ሲሉ፣ ወተትም ሲረጋ አንድ ግሥ ነው የሚሠራው። «ጨፌ» በኦሮምኛ ለምለም ረግረግ መስክ ነው። ሽማግሌ የሚሰበሰበው እንዲህ ባለ መስክ ላይ ነበርና የኦሮሚያ ምክር ቤት ዛሬም «ጨፌ» ይባላል። ጌዴኦዎች ለዚህ የራሳቸው ቃል አላቸው፦ «ሶንጎ»። ሶንጎ ሽማግሌ የሚሰበሰብበት ቦታ ነው፣ ጉባኤውም ነው። ቦታው ለጉባኤው፣ ጠረጴዛው ለመሥሪያ ቤቱ ስም ሲያወርስ ዲላና ፓሪስ በአንድ መንገድ ይሄዳሉ።

ከወረዳ የወረደውን ማን ይቀበላል? «ቀበሌ»። ቀልድ አይደለም፤ ሥሩ ቀ-በ-ለ ነው፣ ፊት ለፊት ገጠመ፣ ተቀበለ። ጾም የሚቀበሉበት «ቅበላ»፣ በዘፈን የሚመልሰው «ተቀባይ» ዘመዶቹ ናቸው። ቃሉ «አካባቢ፣ ሠፈር» እያለ በሰላም ይኖር ነበር፤ በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ በአዋጅ ማኅተም ተሰጠው። እንግዲህ ወረዳ ያወርዳል፣ ቀበሌ ይቀበላል፤ ያቀዱት ቢመስልም ማንም አላቀደውም። ቀበሌው የትምህርትና ሥልጠና ቦርድ አለው። «ቦርድ» እንግሊዝኛ ሳንቃ ነው፤ ሰዎች የሚቀመጡበት የገበታ ሳንቃ ለሰዎቹ ስም ሆነ። መምህሩ በጠመኔ የሚጽፍበትም ሌላ ሳንቃ ነው፣ እሱን ግን «ሰሌዳ» አልነው፤ ያም ከግሪክ የመጣ፣ መነሻው የመጽሐፍ ገጽ የሆነ ጥንታዊ እንግዳ ነው። «ሥልጠና» ደግሞ የ«ሥልጣን» ታናሽ ናት፣ ሁለቱም ከ«ሠልጠነ»።

በወረዳውና በትምህርት ቤቱ መካከል አንድ ቃል ተሸሽጓል፦ «ጉድኝት ማዕከል»። የተቀራረቡ ትምህርት ቤቶች በአንድ ሱፐርቫይዘር ሥር ተቧድነው ልምድ የሚለዋወጡበት ቋት ነው፤ ብዙ መምህራን «ክላስተር» ይሉታል። «ጉድኝት»ን ግን እወደዋለሁ። «ተጎዳኘ» ጎን ለጎን ሆነ ነው፤ «ጓደኛ»ም ከዚያ፣ ደርግ በየስብሰባው የጠራው «ጓድ»ም ከዚያ፣ ሁሉም ከ«ጎድን» ጋር ይተሻሻሉ። የጎድን አጥንቶች እንደሚሰደሩ ትምህርት ቤቶቹም ተሰድረዋል። (ስለ «ማዕከል» አንድ ጉርምርምታ፦ ግእዙ «ማእከል» ነው፣ በአሌፍ። ዐይኑ ከየት እንደተለጠፈበት እንጃ፤ «ርዕስ»ም ያው ሕመም ይዞታል፣ ትክክሉ «ርእስ» ነው።)

በመጨረሻ ትምህርት ቤቱ ደጃፍ ደረስን። «ትምህርት» ከግእዙ «መሀረ» ነው፣ አስተማረ፤ በሃሌታው ሀ። አጠገቡ «መሐረ» አለ፣ ይቅር አለ፤ በሐመሩ ሐ። «ምሕረት»ም፣ «ዓመተ ምሕረት»ም ከሁለተኛው ናቸው። ግእዝ ሁለቱን በጉሮሮ ይለያቸው ነበር። አማርኛ ጉሮሮውን ዘጋና ሁለቱም «ማረ» ውስጥ ወደቁ። ዛሬ «ተማረ» ስንል ፊደል ቆጠረም ነው፣ ይቅር ተባለም ነው፤ «የተማረ ሰው» የሚለውን በሁለተኛው ፍቺ ማንበብ ለራሴ የፈቀድሁት ጨዋታ ነው። መምህር ግን አልወደቀም፤ «መምህር» ሀውን ይዞ እንደ ግእዝነቱ ቆሟል።

«ቤት»ም አሮጌ ነው። ንባብ ቤት፣ ዜማ ቤት፣ ቅኔ ቤት ነበሩ፣ ትምህርት ቤት ስሙን ከእነርሱ ወረሰ። ኦሮምኛውም «መነ ባሩምሳ» ሲል ያንኑ መንገድ ይከተላል፣ የመማር ቤት። በውስጡ ልጁ ከ«ክፍል» ወደ «ክፍል» ይሄዳል፣ ከ«ከፈለ»። መጀመሪያ አካፈለ፣ አደለ ነበር፤ ገንዘብ መክፈል ኋላ የመጣ ፍቺ ነው። የጌዴኦ ልጅ የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች በአፍ መፍቻው፣ በላቲን ፊደል በተጻፈ ጌዴኡፋ ይማራል፤ ከስድስተኛ በኋላ ሁለት ዓመት «መካከለኛ» ደረጃ አለ፣ ከዚያ አራት ዓመት ሁለተኛ ደረጃ። ይህ 6-2-4 በንጉሡ ዘመንም የነበረ ነው። «መካከል»ም ያው «ማእከል» ነው፣ አሌፉ ተውጦ። ልጁ ከፍ ሲል «ማዕረግ» ይጠብቀዋል፣ ከ«ዐርገ»፣ ወጣ። ወረቀቱ ሁሉ በሚወርድበት ቤት የሚወጣ ልጁ ብቻ ነው።

የቤቱ አለቃ «ርእሰ መምህር» ነው፤ በአፍ «ዳይሬክተር»፣ በማኅተም ርእሰ መምህር። ርእስ፣ ራስ። እስቲ አሁን ደብዳቤውን ራስጌ ከግርጌ እንየው። ዘውዱ ክልል ላይ ነው፣ መቀነቱ ዞን ላይ፣ ጎድኑ ጉድኝት ላይ፤ ራሱ ግን ከሁሉ በታች፣ ትምህርት ቤቱ ውስጥ። ሰውዬው ተዘቅዝቋል።

የመምህርቷ ደብዳቤ ግርጌ ላይም፣ ከፊርማውና ከማኅተሙ በታች፣ ቅጂው ለእነማን እንደሚደርስ የሚዘረዝር አንድ ቃል አለ፤ ከ«ገለበጠ» የወጣ። «ግልባጭ» ይላል።