ከደነደነ ቆዳ እስከ ኮድ፦ በወላይታ የእግር ሕመም አመዘጋገብና የፖዶኮኒዮሲስ ጥያቄ

ዕድሜውን በባዶ እግሩ ያረሰ ገበሬ ውስጥ እግሩ ቢደነድን የሚያስገርም ነገር የለም። ሕመሙ በርትቶበት ጤና ጣቢያ ሲሄድ ካርዱ ላይ «የእግር ቆዳ መደንደን» ተብሎ ይጻፍና በዓለም አቀፉ የበሽታዎች ምደባ (አይሲዲ-10) ወደ ኤል84 ያመራል። ይህ ኮድ በግፊትና በፍትጊያ የሚመጣውን ካለስንና ኮርንን በአንድነት ይይዛል። ምደባው ትክክል ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ፖዶኮኒዮሲስ በሰፊው በሚገኝበት በወላይታ፣ ኤል84 የሚታመነው ሐኪሙ ሌላ በሽታ አለመኖሩን መርምሮ ማረጋገጡን በጽሑፍ ሲያሳይ ብቻ ነው ብዬ እከራከራለሁ።

ፖዶኮኒዮሲስ በትንኝ ከሚተላለፈው ዝሆኔ የተለየ በሽታ ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ ሸክላ አፈር በሚበዛበት ደጋና ወይና ደጋ፣ ደቃቅ የማዕድን ብናኝ በባዶ እግር ቆዳ በኩል ገብቶ የሊምፍ ቧንቧዎችን ያስቆጣል፤ እየቆየም ይዘጋቸዋል። በኢትዮጵያ የሠራው እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ የበሽታውን ከአፈር ጋር መያያዝ በማሳየት ፈር ቀዷል። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት በወላይታ ሥርጭቱን 5.46 በመቶ አድርሶታል። በ2006 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በዞኑ ላይ በየዓመቱ የሚያደርሰውን ኪሳራ ከ16 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ ገምቷል። ተጋላጭነቱ በዘር ከሚወረስ ባሕርይ ጋር እንደሚያያዝ ከወላይታ በተሰበሰበ ናሙና ላይ ተሠርቶ በ2012 የታተመ ጥናት አሳይቷል። ለአመዘጋገብ ትልቁን ፈተና የሚያመጣው ግን አጀማመሩ ነው፤ የፊት እግር ያሳክካል፣ ያቃጥላል፣ በጣቶች ዙሪያ ያለው ቆዳ ይወፍራል። ሲቸኩሉ ይህን ሁሉ «መደንደን» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው።

ምርመራው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። መጀመሪያ እግሩ ይታጠብ፤ ጭቃ በለበሰ እግር ላይ የቆዳ መስመር አይነበብም። ካለስ ክብደት በሚያርፍበት ተረከዝና የፊት መዳፍ ላይ ተዘርግቶ ይታያል፤ የቆዳው መስመሮችም ሳይቋረጡ ያልፉበታል። ኮርን ጠበብ ያለ ሲሆን መካከሉ ላይ ጠጣር እምብርት አለው፤ ቀጥታ ሲጫኑት ያማል። የውስጥ እግር ኪንታሮት መስመሮቹን ያቋርጣል፤ በምላጭ ሲላጭ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦችና የደም ጠብታዎች ይታያሉ። በፖዶኮኒዮሲስ ውፍረቱ ክብደት የሚያርፍበትን ቦታ ብቻ አይከተልም፤ የእግሩን ጀርባና ጣቶቹን ይይዛል፣ እንደ ድንጋይ ሽበት ይሻክራል፣ እብጠትም አብሮት ይኖራል። እብጠቱ አብዛኛውን ጊዜ በሁለቱም እግሮች ላይ ሲሆን መጠኑ ግን እኩል አይደለም። ከታች ወደ ላይ ይወጣል፤ ከጉልበት የሚያልፈው አልፎ አልፎ ነው። በመጨረሻ በ10 ግራም ሞኖፊላመንት (ቀጭን የናይሎን ክር) ነክቶ ስሜትን መፈተሽ ያስፈልጋል። ስሜት በጠፋበት እግር ላይ ያለ ካለስ ሥሩ ቁስል ሊደብቅ ስለሚችል የስኳር በሽታና የሥጋ ደዌ መታሰብ አለባቸው።

ይህ ሁሉ በሁለት መስመር ሊጻፍ ይችላል፦ «ቀኝ እግር፣ ከትንሿ ጣት ሥር፣ 1 ሴንቲ ሜትር፣ እምብርት ያለው፣ መስመር ያልተቋረጠበት፤ እብጠት የለም፣ ማሳከክ የለም፣ ስሜት ደህና»። ይህን ያገኘ የጤና መረጃ ባለሙያ ኤል84ን ያለ ጥርጥር ይመድባል። «የእግር ችግር» ብቻ የሚል ካርድ ከደረሰው ግን የሚመርጠው ኮድ ግምት ይሆናል፤ ኮድ መዳቢ ሐኪሙ ያልጻፈውን ምርመራ የመፍጠር ሥልጣን የለውም።

ኤል84 ባይሆንስ? በአይሲዲ-10 ፊላሪያ ያልሆነ ዝሆኔ የሚወድቀው በአይ89.0 ሥር ሲሆን፣ ይህ ኮድ በሌላ ቦታ ያልተመደቡ ሊምፍዴማዎችንም አብሮ ይይዛል። በትንኝ ለሚተላለፈው ፊላሪያ ደግሞ ቢ74.0 አለ። «ዝሆኔ» ብሎ ብቻ መጻፍ ባለሙያውን በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያቆመዋል። ጉዳቱ የስታቲስቲክስ ብቻ አይደለም፤ የፊላሪያ ሥርጭት የሚገታው በዘመቻ በሚታደል መድኃኒት ሲሆን ፖዶኮኒዮሲስን የሚከላከለው ጫማና የእግር ንጽሕና ነው። ስለዚህ ምክንያቱ በሙሉ ስሙ «ፖዶኮኒዮሲስ» ተብሎ መጻፍ አለበት፤ ኮዱ ባይለየው እንኳ ካርዱ ይለየዋል።

በአሜሪካ ካለስና ኮርን ለመላጨት የሚከፈለው እንደ ብዛታቸው በተለያየ የክፍያ ኮድ ነው፦ ለአንድ 11055፣ ከሁለት እስከ አራት 11056፣ ከአራት በላይ 11057። እዚያ ሐኪሙን ቆጥሮ እንዲጽፍ የሚያስገድደው ክፍያው ነው። በእኛ አገር ከጤና ተቋማት ወደ ጤና መረጃ ሥርዓቱ (ዲኤችአይኤስ2) የሚገባው ሪፖርት የዕቅድ መነሻ ስለሆነ፣ «መደንደን» ሆኖ የተመዘገበ ፖዶኮኒዮሲስ በሳሙና፣ በቅባትና በጫማ ዕቅድ ውስጥ አይታይም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2013 በሽታውን ትኩረት በተነፈጋቸው የሐሩር አካባቢ በሽታዎች ብሔራዊ ዕቅድ ውስጥ አካትታዋለች፤ የዕቅዱ ጥቅም ለወላይታ ሕሙማን የሚደርሰው ካርዱ ሲጠራቸው ነው።

ምርመራው ፖዶኮኒዮሲስ ከሆነ አመዘጋገቡ ከኮዱ አልፎ መሄድ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው ባለ አምስት ደረጃ መለኪያ እብጠቱ በሌሊት ይመለስ እንደሆነ፣ እባጮቹ ከቁርጭምጭሚት በታች ወይም በላይ መሆናቸውን፣ እብጠቱ ከጉልበት ማለፉን፣ መገጣጠሚያው መድረቁን በቅደም ተከተል ይለያል። የቆዳው መሻከርና ከጉልበት በታች ያለው ትልቁ ዙሪያም አብረው ይመዘገባሉ። ትኩሳትና ሕመም የሚያስከትለው ድንገተኛ ግርሻ ስንት ጊዜ እንደመጣም ይጠየቅ። በምሥራቅ ጎጃም በ696 ሕሙማን ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ጥናት የእግር እንክብካቤ ሕክምናን ጥቅም ያሳየው ይህንኑ ግርሻ በመቁጠር ነው፦ በሰው በዓመት በአማካይ 19.4 ሕክምናውን ወዲያው ባገኙት፣ 23.9 ደግሞ ሕክምናው በዘገየላቸው ዘንድ። በየቀጠሮው ያው እግር በዚያው ቦታ ካልተለካ ግን የአንድ ሕመምተኛ መሻል ወይም መባባስ ከካርዱ ሊነበብ አይችልም።