ድንጋይ ነው ተብሎ የሚጣለው ጨው

«ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል» ይላል ያገራችን ሰው። አሜሪካ ውስጥ ግን ጨው ጣፍጦም ይጣላል። በረዶ በጣለ ቁጥር በየአውራ ጎዳናውና በየደጃፉ ይበተናል። ሚኒሶታና ዋሽንግተን ያሉ ወገኖቻችንም ለምደውታል።

ልማዱ ግን እንደሚመስለው የቆየ አይደለም። በፈረስ የሚጎተት ተንሸራታች ጋሪ በነበረበት ዘመን የኒው ኢንግላንድ ሰዎች በረዶውን ከመንገድ አይጠርጉም ነበር። እንዲያውም ጋሪው እንዲንሸራተት በትልቅ መዳመጫ ይደመድሙት፣ ጣሪያ ባላቸው ድልድዮች ውስጥም በአካፋ ይጨምሩ ነበር።

ነገሩን የቀየረው መኪና ነው። ጎማ ባዶ አስፋልት ይፈልጋል። መጀመሪያ አሸዋና አመድ ተሞከረ። እ.ኤ.አ. በ1938 የኒው ሃምፕሸር ግዛት በአውራ ጎዳናዎቿ ላይ ጨው መሞከር ጀመረች። ከ1941 እስከ 1942 ባለው የበረዶ ወቅት በመላ አገሪቱ የተበተነው 5,000 ቶን ገደማ ነበር። ዛሬ በዓመት 20 ሚሊዮን ቶን ገደማ እንደሚደርስ ይገመታል።

ጥቅሙ አይካድም። ጨው ውኃ ወደ በረዶነት የሚለወጥበትን የሙቀት መጠን ዝቅ ስለሚያደርግ ስንቱን ከመውደቅና ከመጋጨት አድኗል። ነገር ግን በረዶው ቀልጦ ሲሄድ ጨው አብሮ አይጠፋም፤ ወንዝ፣ ሐይቅና የጉድጓድ ውኃ ውስጥ ይገባል። የሚኒሶታ የብክለት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እንደሚለው አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው 19 ሊትር ውኃ ይበክላል።

የፍሊንትን ታሪክ እናስታውስ። ይህች የሚሺጋን ከተማ በ2014 የመጠጥ ውኃዋን ከፍሊንት ወንዝ መቅዳት ጀመረች። በውኃው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ብረት ስለሚበላ የጀነራል ሞተርስ ሞተር ፋብሪካ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ መጠቀሙን አቆመ። ነዋሪው ግን ከእርሳስ ቧንቧ የሚወርደውን ያንኑ ውኃ መጠጣቱን ቀጠለ። ዋናው ጥፋት ዝገት መከላከያ አለመጨመሩ ነው። ቢሆንም ለክሎራይዱ ምንጭ ናቸው ከሚባሉት አንዱ የመንገድ ጨው ነው።

መፍትሔው ጨውን መከልከል ሳይሆን መቆጠብ ነው። በረዶውን ሳይረገጥና ሳይጠጥር በአካፋ መጥረግ ይቅደም። ከዚያ ለ10 የእግረኛ መንገድ ንጣፎች አንድ ትልቅ ኩባያ ጨው ይበቃል። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ ሴልሺየስን ካለፈ ተራ ጨው ብዙም ስለማይሠራ አሸዋ ይሻላል።

አባቶቻችን አሞሌን የቆጠቡት ገንዘባቸው ስለነበረ ነው። ዛሬ ጨው ረክሷል፤ የሚቆጠበው ለውኃው ሲባል ነው።