የሳሙራይ ጥንድ ሰይፍ

ከደሃና እስከ ሰቆጣ ባለው የዋግ ምድር፥ እንደ ሌላው የሀገራችን ደጋ ሁሉ፥ የጥንቱ ጦረኛ አንድ ጎራዴ በቀኙ ይታጠቅ ነበር። የጃፓኑ ሳሙራይ ግን በግራው ሁለት ይሸጉጣል፤ ረጅሙ ካታና፥ አጭሩ ዋኪዛሺ ይባላል። ከሰው ቤት ሲገባ ረጅሙን ከወገቡ ያወጣል፤ አጭሩ አይለየውም። ጥንድ የሚያሰኛቸው ስለታቸው አይደለም፤ የአንዱ ስለት ሌላውን በመቶ ዓመት ሊቀድመው ይችላል። ጥንድ የሚያደርጋቸው አንድ ዓይነት ሆኖ የተሠራው የእጀታቸውና የአፎታቸው ጌጥ ነው።

ጠመንጃ ለሁለቱም ሀገር ሰይፍ አልራራም። የዋጉ ዋግሹም ጎበዜ፥ በንግሥ ስማቸው ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ፥ በ1863 ዓ.ም. ዓድዋ አጠገብ ድል የሆኑት እንግሊዞች ለደጃዝማች ካሣ ትተውት በሄዱት ጠመንጃ ፊት ነው። በ1868 ዓ.ም. ደግሞ የጃፓን መንግሥት፥ ከጦር መኮንንና ከፖሊስ በቀር፥ ሰይፍ መታጠቅን ከለከለ። የጌጡ አንጥረኞች ወደ አበባ ማስቀመጫ ሥራ ዞሩ፤ ብዙውም ጥንድ ተለያይቶ ተሸጠ። ረጅሙ ባንድ አገር፥ አጭሩ በሌላ ሲገኝ፥ መንታነታቸውን የሚመሰክረው ያው ጌጡ ነው፤ እሱም ካልተለወጠ።