ከእሳቱ በኋላ፤ የዶርቼስተር ፒዩሪታኖች

የዛሬው የታሪክ ማስታወሻ ወደ ደቡብ እንግሊዝ፣ ወደ ዶርቼስተር ከተማ ይወስደናል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኦገስት 6 ቀን 1613፣ ሕዝቡ አጨዳ ላይ ሳለ ከአንድ ሻማ ሠሪ ቤት እሳት ተነሣ። 170 ያህል ቤቶች አመድ ሆኑ።

ቄስ ጆን ዋይት ወደ ከተማዋ ከመጡ ሰባት ዓመታቸው ነበር። ፒዩሪታን ናቸው፤ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ከሮም የወረሰችው ሥርዓት ገና አልጸዳም፣ ሰው ኑሮውን ሁሉ በመጽሐፍ ቅዱስ ይምራ ከሚሉት ወገን። ብዙው ሰው ቃጠሎውን የእግዚአብሔር ተግሣጽ ነው ብሎ ተቀበለ። የዋይትን ስብከት የሚሰማው ጆሮ በዛ።

ይሁንና ፍርሃት ቶሎ ይበርዳል። ሰዉን አጥብቆ የያዘው፣ በእኔ ግምት፣ ከፍርሃቱ በኋላ የመጣው ሥራ ነው። የድሃ ልጆች ሙያ የሚማሩበት ቤት ተሠራ። በ1622 ደግሞ ከተማዋ የራሷን የቢራ መጥመቂያ ከፈተች፤ ትርፉ ለችግረኞች ይውላል። አዎ፣ ቢራ! ፒዩሪታን ሲባል ግንባሩን ቋጥሮ ደስታን ሁሉ የሚከለክል ሰው ለሚታየን ነገሩ ግር ይላል። እነሱ ግን ጠባቸው ከስካር ጋር ነበር፤ ቢራማ በዚያ ዘመን የዕለት መጠጥ ነው።

ለነጋዴውና ለእጅ ባለሙያው ሌላም ማረኪያ ነበረው። ቃሉን በገዛ ቋንቋው ማታ ማታ ለቤተሰቡና ለሠራተኞቹ ያነባል፤ ሰባኪው የተናገረውንም ከመጽሐፉ ጋር ያመሳክራል። ከባላባት ያልተወለደ ሰው እግዚአብሔር አስቀድሞ መርጦኛል ብሎ ካመነ፣ በባላባቱ ፊት አንገቱን መድፋት ይከብደዋል።

ሁሉም ግን አልወደደውም። ሰካራሙ፣ ተሳዳቢው፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን የቀረው ይቀጣል። ተዘዋዋሪ ተዋንያን በር ይዘጋባቸዋል። ድሃውን የሚያበላው ሹም፣ ያው ድሃ ሲሰክር እግሩን በግንድ ያስጠርቀዋል። ጎረቤትም ጎረቤቱን ይሰልላል። እንዲህ ባለ ከተማ መኖር፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለስንቶቻችን ይመቸን ነበር?

በ1630 በዋይት አስተባባሪነት 140 ያህል ሰዎች ሜሪ ኤንድ ጆን በተባለች መርከብ ከፕሊመዝ ተነሥተው አትላንቲክን ተሻገሩ። በማሳቹሴትስ የቆረቆሯትን መንደርም ዶርቼስተር አሏት፤ ዛሬ የቦስተን ከተማ አካል ናት። ዋይት አብረው አልሄዱም። በእንግሊዝ የእርስ በርስ ጦርነት፣ በ1643፣ ከተማቸው ሳትዋጋ ለንጉሡ ጦር እጇን ሰጠች፤ ወታደሮች ቤታቸውን ዘረፉ፣ እሳቸውም ወደ ለንደን ሸሹ። በኋላ ተመልሰው በ1648 እዚያው ዶርቼስተር አረፉ።